በስንዴ ስለ ተሠራ እርከን

ገበሬ የገዛ መሬቱን እንዲጠብቅ ሊከፈለው ይገባልን? በዚህ ነገር ወጣቶች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ወገን፣ «የቤቱን ጣራ ለመክደን ደመወዝ የሚጠይቅ ማን አለ?» ይላል። ሌላው፣ «የተራበ ሰው ከሠራ ሊበላ ይገባዋል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ደኅና ተናገሩ፤ ዋናውን ነገር ግን አልነኩትም፤ ይኸውም የሚከፈለው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው።

በአገራችን የሆነውን እንመልከት። ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ፣ ይልቁንም በ1970ዎቹ፣ በወሎና በትግራይ፣ በሌሎችም ደጋዎች «ምግብ ለሥራ» በተባለው ደንብ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ። የአንድ ቀን ድካም ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ነበር። በዚያ ዘመን በወሎ ገጠር ወጣት አስተማሪ ነበርሁ፤ ጋራው ከግርጌው እስከ ራሱ በድንጋይ ሲታሰር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሥራው የሚያኮራ ነበር። ዳሩ ግን በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ መንግሥት ሲወድቅ፣ በብዙ ስፍራ ድንጋዩ ተነቀለ፤ የማኅበሩም ደን ተጨፈጨፈ።

ስለዚህ ገበሬውን ምስጋና ቢስ ነው ብለው የነቀፉ ነበሩ። እኔ የምነቅፈው ውሉን ነው። ስንዴው የተሰፈረው ለተቈፈረበት ቀን ነው፤ እርከኑ በሚመጣው ክረምት ሳይፈርስ ስለ መቆሙ የሚከፈል አንዳች አልነበረም። ድንጋዩ ግን ከማሳው ላይ ስፍራ ይወስዳል፤ በሥሩም አይጥ ይራባል። መሬቱ ነገ ለሌላ ይደለደል እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ስለ ማን ብሎ ይታገሥ?

የኮንሶን ሕዝብ ምሳሌ አድርገው ክፍያን የሚቃወሙ አሉ። እውነት ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን ያን የድንጋይ እርከን አባቶች ለልጆች እያወረሱ ከሃያ ትውልድ በላይ የሠሩት ስንዴ ተሰፍሮላቸው አይደለም። ኮንሶ ግን የጠበቀው ለልጁ የሚያወርሰውን ነው።

ደግሞም የቤት ጣራ ባለቤቱን ብቻ ይከድናል፤ የደጋ እርከን ግን ከታች ያለውን ሁሉ ይከድናል። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ከላይ በሚወርደው ደለል ምን ያህል እንደ ተጎዳ እናውቃለን። መብራቱን የምናበራ የከተማ ሰዎች ስለ ደጋው ገበሬ ድካም የምንከፍለው ምንድር ነው? እኔ እንደማምነው ይህ ክፍያ ዕዳ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ኮስታ ሪካዎች ይህን ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የደን ሕግ መሠረት፣ ከ1997 ጀምሮ ከነዳጅ ቀረጥ ከሚገኘው ገንዘብ ለደን ባለቤት የሚከፈለው ዛፉ ቆሞ ስለ መገኘቱ ነው። (የይዞታ ወረቀት የሌለው ድኻ በመጀመሪያ ከዚህ ተራ መውጣቱ ግን የሚያስነቅፋቸው ነው።) በእኛ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የተራበውን መርጦ በሥራ ቀኑ ልክ ከፈለ። ለረኀቡ መልካም አደረገ። እኔ ባነበብኋቸው ሪፖርቶች ግን የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ተቈጥሯል፤ ከሦስት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደ ተገኘ የሚጻፍበት ዓምድ አላየሁም።