ከከንፈር መጠጣ ባሻገር
«ዘ ዋየር» በተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የቀረበ ሂስ

የወንጀል ምርመራ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ወንጀለኛው ማን ነው? ጥያቄው ሲመለስ ታሪኩ ይዘጋል፤ ተመልካቹም ፍትሕ የተፈጸመ መስሎት ወደ መኝታው ያመራል። የተጣለ ልጅን ሕይወት ለማሳየት ሲነሣ ግን ይህ ስልት ጎዶሎ ይሆናል። ልጅን ለመጣል አንድ ጨካኝ እጅ ብቻ አይበቃምና። ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱና ጽሕፈት ቤቱ በየፊናቸው ዓይናቸውን መጨፈን አለባቸው። ታዲያ በካቴና የሚታሰር አንድ ጥፋተኛ በሌለበት የወንጀል ድራማ ምን ሊናገር ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ ብቁ መልስ ከሰጡት ሥራዎች አንዱ የአሜሪካዋን የባልቲሞር ከተማ ኑሮ የሚያሳየው «ዘ ዋየር» ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በአምስት ምዕራፎች በኤች ቢ ኦ ጣቢያ ታይቷል። እዚህ የምንመረምረው በ2006 መጨረሻ የቀረበውን የአራተኛውን ምዕራፍ መዝጊያ ክፍል ነው። ታሪኩን ያፈለቁት ዴቪድ ሳይመንና ኤድ በርንስ ናቸው። ሳይመን የከተማዪቱ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር፤ በርንስም በዚያችው ከተማ በመጀመሪያ መርማሪ ፖሊስ፣ በኋላም መምህር ሆኖ አገልግሏል። የጻፉት ከሩቅ የሰሙትን ሳይሆን የኖሩበትን ነው።

ራንዲ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በአሳዳጊ እናት ቤት የሚኖር፣ ከረሜላ እየቸረቸረ አንድ ቀን የራሱን ሱቅ ለመክፈት የሚያልም ብላቴና ነው። ስለ አንድ ግድያ የሚያውቀውን ይናገራል። ሳጅን ካርቨር ጉዳዩ በጥንቃቄ ለሚይዘው የግድያ መርማሪ እንዲደርስ ለባልደረባው ለሀርክ አደራ ይሰጣል። ሀርክ ግን አደራውን ይበላል፤ ይባስ ብሎም ምስጢሩ ከማን እንደወጣ ለተጠርጣሪው ያሳውቃል። ራንዲ በሰፈሩ «ጠቋሚ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ቤቱ በእሳት ይጋያል፤ አሳዳጊ እናቱም ክፉኛ ትቃጠላለች።

በመዝጊያው ክፍል ካርቨር ልጁ ወደ ማሳደጊያ ተቋም እንዳይገባ የሚመለከታቸውን ይማጸናል። ራሱ አሳዳጊ ሊሆነው ይጠይቃል፤ ማጣሪያው ወራት እንደሚፈጅ ይነገረዋል። በመለያየታቸው ሰዓት አጽናኙ ልጁ ይሆናል። የተቻለውን ማድረጉን ነግሮት፣ በደለኛነት እንዳይሰማው አሳስቦት ይገባል። ካርቨር መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲቀር መሪውን በቡጢ ይደበድባል።

የዚህ ትዕይንት ኃይል ከምን ይመነጫል? ከእንባ አይደለም። ካርቨር በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የጎዳና ልጆችን የሚያንገላታ ፖሊስ ነበር፤ ሰው መሆንን የተማረው ቀስ በቀስ ነው። ርኅራኄው በሞላበት ሰዓት ግን ከእጁ ምንም አልነበረም። ከሁሉ የሚከብደው፣ ልጁን ለአደጋ ያጋለጠው መንገድ የተጀመረው ከካርቨር በጎ ፈቃድ መሆኑ ነው። ደራሲዎቹ ክፉውን ሰው ከመውቀስ አልፈው፣ ደግ ሰው በተበላሸ አሠራር ውስጥ ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሚሆን አሳይተዋል። እኛ በአማርኛ «ከንፈር መምጠጥ» የምንለው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ በዚህ ይለካል።

የመምህሩ የፕሬዝ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ከፖሊስነት ወደ መምህርነት የተሸጋገረው ይህ ሰው ዱኪ የተባለውን ተማሪ ልብስ ያጥብለታል፤ በትምህርት ቤቱ ገላውን እንዲታጠብ ያደርገዋል። ከዚያ ቀደም ለልጁ የተሰጡትን ልብሶች በሱስ የተያዙት ቤተ ዘመዶቹ ሸጠዋቸዋል። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ዱኪን ወደሚቀጥለው ክፍል ያዛውረዋል፤ ልጁ ግን አዲሱን ትምህርት ቤት ትቶ ዕፅ በሚሸጥበት የጎዳና ማእዘን ላይ ይገኛል።

ቅርጹም ይዘቱን አልካደም። ምዕራፍ ከሚዘጋበት የሥዕል ቅንብርና ከጥቂት ቦታዎች በቀር ድራማው ማጀቢያ ሙዚቃ አይጠቀምም፤ የሚሰማው ከሬዲዮ ወይም ከመኪና የሚወጣ ድምፅ ነው። መቼ ማዘን እንዳለበት ለተመልካቹ የሚጠቁም ዋሽንት የለም። ፍርዱ ለእርሱ ተትቷል።

ይሁን እንጂ ሥራው እንከን አልባ አይደለም። የመሥሪያ ቤቶችን ጥፋት ከሥሩ የሚመረምረው ድራማ፣ የአንዳንድ እናቶችን ጥፋት ግን ከቅርንጫፉ ብቻ ያያል። የናሞንድ እናት ከጥቅም በቀር የሚያሳስባት ነገር ያለ አይመስልም፤ የማይክል እናትም የምትታየው በሱሷ በኩል ነው። እዚያ እንዴት እንደደረሱ ሊነገረን ይገባ ነበር። ተመልካቹ ጥፋቱን ሁሉ በእናቶች ላይ ጥሎ እንዲገላገል በሩ በጥቂቱ ተከፍቶለታል።

ከአራቱ ጓደኛሞች አንዱ ናሞንድ ብቻ ይድናል፤ የሚያድነውም ጡረታ የወጣ የፖሊስ መኮንን ወደ ቤቱ ወስዶት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ተስፋ ያዩት ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ግን እንደ ክስ ያየዋል። የልጅ ሕይወት በአንድ ደግ ሰው መገኘትና አለመገኘት ላይ ከተንጠለጠለ፣ የቀሩት ሦስቱ የጠፉት ዕድል ስላልቀናቸው ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ ሕፃናት የምንጽፍ ጸሐፌ ተውኔቶች ከዚህ የምንማረው አለ። ተመልካችን ማስለቀስ ቀላል ነው፤ ያለቀሰ ሰው ግን ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ካርቨር አላለቀሰም፤ መሪውን ደበደበ። ልጁ ግን በሩን አልፎ ገብቷል። መድረኩ ሊያሳየን የሚገባው ያንን በርና የዘጋውን እጅ ነው።