የዕጣን ዛፍ ልጆች

«የቀድሞ ሰው ተፈጥሮን አክባሪ ነበረ፤ የዛሬው ግን አጥፊ ነው» የሚለው አነጋገር በየመጽሐፉና በየጉባኤው ይሰማል። ደግ አነጋገር ቢመስልም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ይህንንም በአገሬ በዋግ ምድር ባለ አንድ ዛፍ እመረምረዋለሁ።

ከሰቆጣ ወደ ተከዜ የወረደ ሰው በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ የዕጣኑን ዛፍ ያያል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ልጡን በስለት ይፍቁታል፤ ከቍስሉ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ ዕጣን ይሆናል። ካህኑ ሲያጥን ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ስለ ዛፉ ግን የጠየቀ አልነበረም። በደጋውም አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ጽድና ወይራ በግዝት ጠበቁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሰሜኑ ደጋ የተረፈው የጥንት ደን አብዛኛው እዚያ ነውና። ነገር ግን ግዝቱ ከቅጥሩ አላለፈም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ያው አማኝ በምሳር ጨረሰው። እንግዲህ ያከበረው ስፍራውን ነው እንጂ ዛፉን አልነበረም።

የዛሬው ሰው ደግሞ ቈጠረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ስፍራዎችን መርምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት የዕጣን ዛፍ እንደ ሌለ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስታወቀ። ዘሩ ይበቅላል፤ ከብትና እሳት ግን አያሳድጉትም፤ ያለ ልክ መፋቅም ሽማግሌውን ዛፍ ያደክመዋል። ይህን ያህል ማወቅ ለቀድሞው ሰው አልተሰጠውም ነበር። ታዲያ ዐዋቂው ምን አደረገ? ዕጣኑ ዛሬም ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ፍየሉም በዚያው ቆላ ይግጣል። የቀድሞው ያላወቀውን ፈራ፤ የዛሬው ያወቀውን አይፈራም።

ድኻው ገበሬ ምን ያድርግ የሚለኝ ቢኖር፣ እሱን አልነቅፍም፤ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ብዙ የለውምና። የምነቅፈው አንብቦ የተኛውን ነው።

እኔም ከዚህ ነቀፋ አልወጣም። አስተማሪ ሳለሁ፣ «ሰው ተፈጥሮን አሸነፈ» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር። አንድ ጊዜ ከቆላ የመጣ ልጅ «ፍየል አሸነፈች» ብሎ ቢጽፍ፣ ለክፍሉ አነበብሁላቸውና ሁሉም ሳቁ፤ ዜሮም ሰጠሁት። ልጁ አልሳቀም። ችግኙን ማን እንደሚበላው ከመካከላችን በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነበረ።