ከሳሕኑ ጀርባ ያለችው ምልክት

የስዊድንን የሸክላ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ሁሉ የስቲግ ሊንድበርግን ስም ያውቃሉ። ይህ ሠዓሊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ከስቶክሆልም አጠገብ በጉስታቭስበርግ የሸክላ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1942ም ከመምህሩ ከቪልሄልም ኮጌ ጋር ሆኖ በእጅ የተሣሉ ዕቃዎችን ለሕዝብ አሳየ። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንናገር የምንወደው ስለ ስሙ ሳይሆን፥ ስሙ ስለ ሸፈናቸው እጆች ነው።

ፋያንስ የሚባለው የሸክላ ዐይነት አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭቃው ቅርጽ ከተሰጠው በኋላ አንድ ጊዜ ይተኰሳል፤ ከዚያም ከቆርቆሮ ማዕድን የተገኘ ዱቄት በተቀላቀለበት ነጭ ልባስ ይለበጣል። ልባሱ ሁለተኛው እሳት ሳይነካው በፊት እንደ ዱቄት ደረቅ ስለ ሆነ፥ ከብሩሹ የተቀበለውን ቀለም በቅጽበት ይመጠዋል። የተሳሳተው መሥመር ቢፍቁት አይለቅም። እጅ የዘገየ እንደ ሆነ ቀለሙ ይጠራቀማል፤ የቸኰለ እንደ ሆነ ይሳሳል። እሳቱ ካለፈበት በኋላ ቀለምና ልባስ አንድ ይሆናሉ፤ የእጁም ጠባይ አብሮ ይቀራል።

እንግዲህ ሊንድበርግ ንድፉን ያወጣ ነበር እንጂ፥ እያንዳንዱን ሳሕን ተቀምጦ የሚሥል እርሱ አልነበረም። ቅጠሉንና መሥመሩን በየዕቃው ላይ ያሳርፉ የነበሩት የፋብሪካው ቀለም ቀቢዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ሳሕኑን ገልብጦ ለተመለከተ፥ በብዙዎቹ ላይ ከአንዲት የተሣለች እጅ አጠገብ ትንሽ ምልክት ትታያለች። እርስዋ የቀቢዋ ምልክት ናት።

ቀቢዋ ቀዳች እንጂ አልፈጠረችም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ንድፉ ሳሕኑ ባልኖረም ነበር። ነገር ግን ዳዊት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊም ቃሉን አልፈጠረም፤ ሆኖም ጥሩ ጸሐፊን በእጁ ለይተን እናውቃለን። በ1961 ገደማ የወጣው «ቤርሶ» የተባለው የሊንድበርግ ሌላ ሥራ ነገሩን ያስረዳል። የዚህ ዕቃ አረንጓዴ ቅጠሎች በኅትመት የተለጠፉ ስለ ሆኑ ሁሉም እኩል፥ ሁሉም ንጹሕ ናቸው። ለቁርስ ገበታ ያማረ ነው፤ (ጌጥ ከበዛባቸው ከአንዳንዶቹ ፋያንሶች ይልቅ ንድፉን እኛ እንመርጠዋለን፤) ዳሩ ግን አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። ፋያንሱን ያየን ሰዎች ሁለተኛውን ደግሞ እንድናይ የሚያስገድደን የቀቢዋ እጅ ነው።

ኮጌ በ1917 ሰማያዊ አበባ ያለበትን የገበታ ዕቃ ለሠራተኛ ቤተ ሰብ ብሎ ነድፎ ነበር፤ ከሠራተኛው ይልቅ ግን የወደደው ባለጸጋው ሆነ። ፋያንሱም ለቤት ተሠርቶ ሳለ ዛሬ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ብዙ ጊዜ ከመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ግንባሩ ወደ ተመልካቹ፥ ምልክቱ ወደ ግድግዳው። ከሳሕኑ በስተኋላ አንዲት ትንሽ መስተዋት ቢያቆሙ ምን ይከብዳቸው ነበር?