የአጣና ጫኞች እጅ

በጅማ መንገድ ወደ ከተማ የሚገባ አይሱዙ አየር ጤና ላይ በትራፊክ ሲያዝ ጭነቱን ቆሞ ማየት ደስ ይለኛል። ስሚንቶ የጫነውን አይደለም፤ ከጉራጌና ከወሊሶ በኩል የባሕር ዛፍ አጣና ጭኖ የመጣውን ነው። የስሚንቶ ከረጢት ማንም ይደረድረዋል። አጣና ግን ክብ ስለሆነ ይንከባለላል፤ አዲስ የተላጠ ከሆነ ያሟልጫል፤ ርዝመቱም ከመኪናው ይተርፋል።

ደህና ጫኝ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ጋቢናው፣ ቀጭኑን ወደ ኋላ ያደርጋል። የአጣና ክብደት ያለው ግርጌው ላይ ነው። ግርጌው ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ቀጥ ያሉት ከታች ይነጠፋሉ፣ ጠማሞቹ መሐል ይገባሉ፣ ቀጫጭኖቹ ክፍተት ይሞላሉ። ከስፖንዳው በላይ ያለውን ጭነት ደግፈው የሚይዙት ቋሚዎችም ከዚያው ከጭነቱ የተመረጡ ናቸው። በፊንላንድና በስዊድን አንድ ማሽን ዛፉን ጥሎ፣ መልምሎ፣ ለክቶ ይቆርጣል፤ ሌላው በክሬን እያነሳ የብረት ቋሚ ባለው ተሳቢ ላይ ያጋድመዋል። እዚህ ክሬኑ ትከሻ ነው።

የእጅ ልዩነት ይበልጥ የሚታየው ግን ገመዱ ላይ ነው። ሁለት ሰው ስቦ ከቋጠረው በኋላ አጭር ዱላ ይገባበትና እየተጠመዘዘ ይከራል። ጭነቱ ሲጠብቅ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ የለመደ ጫኝ የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው ይህን ሰምቶ ነው። ከዚያ ዱላው እንዳይመለስ ጫፉ ይታሰራል። መንገድ ላይ ጭነቱ ስለሚሰፍር ረዳቱ ወርዶ አንድ ዙር ይጨምርለታል። ሕዝቡ አይሱዙን በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» ብሎት ነበር፤ እንዲህ ለታሰረ ጭነት ግን ስሙ አይገባውም እላለሁ።

ሲራገፍ ደግሞ የቆራጩ ሥራ ይገለጣል። በመጥረቢያ የተቆረጠ ግርጌ ገጽ ገጽ አለው፤ በመጋዝ የተቆረጠው ዝርግ ነው። ዛፉ እንደወደቀ ወዲያው የተላጠ አጣና ገላው ንጹሕ ነው፤ ቅርፊቱ ከደረቀ በኋላ የተላጠው የገጀራ ጠባሳ ይበዛበታል። ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ አየር ጤና ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ እሱ እዚያው የቀረው ጉቶ ነው። ጎበዝ ቆራጭ ዝቅ አድርጎ፣ ዝናብ እንዳያቁር አዘንብሎ፣ ቅርፊቱን ሳይገነጥል ይቆርጠዋል። ያ ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሌላ ጭነት ይሰጣል። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ፣ በእንጨት እጥረት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር የነበረችውን ዋና ከተማ ባለችበት ያጸናትም ፈጥኖ ስለሚያድግና ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ጉቶውን በግዴለሽነት ቦጫጭቆ የሚሄድ ሰው የሚያጠፋው አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ከዚያው ሥር የሚመጡትን ቀጣዮቹን ሁሉ ነው።

አጣና ልትገዙ ስትሄዱ እንግዲህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ግርጌውን እዩ፤ የተሰነጠቀውንና ጠባሳ የበዛበትን ትታችሁ ንጹሑን ምረጡ።