ሲንክሮነስ ኮንደንሰር፦ የደካማ የኤሌክትሪክ መረብ ባለውለታ

ሲንክሮነስ ኮንደንሰር መልኩ ጀነሬተር የሚመስል፣ ነገር ግን ነዳጅም ተርባይንም የሌለው ተሽከርካሪ ማሽን ነው። ከመረቡ በሚወስደው ጥቂት ኃይል ያለማቋረጥ እየዞረ መረቡን ያጸናል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ሪአክቲቭ ኃይል (ቮልቴጅን ደግፎ የሚይዝ ኃይል) ይሰጣል፣ ከልክ ሲያልፍም መልሶ ይቀበላል።

ውለታው ጎልቶ የታየው በነፋስና በፀሐይ ኃይል በበለጸገችው ደቡብ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ማዕበል የማስተላለፊያ ማማዎችን ጥሎ ክፍለ ግዛቷ በሙሉ ማለት ይቻላል በጨለማ ተዋጠች። መረቡን ለማጽናት እ.ኤ.አ. በ2021 በዚያው በዳቬንፖርትና በሮበርትስታውን ጣቢያዎች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 4 ሲንክሮነስ ኮንደንሰሮች ተተከሉ። እያንዳንዱ ከባድ የብረት መንኰራኩር አለው። አንድ ትልቅ ማመንጫ በድንገት ሲቋረጥ መንኰራኩሩ በያዘው ፍጥነት መዞሩን ለመቀጠል ስለሚታገል የ50 ኸርዝ ፍሪኩዌንሲው በአንድ ጊዜ አያሽቆለቁልም፤ ባትሪዎችና ሌሎች ማመንጫዎች እስኪደርሱ ፋታ ይገኛል።

ቀድሞ መረቡ እንዳይናጋ ሲባል ቢያንስ 4 ትላልቅ የጋዝ ማመንጫዎች ሳይጠፉ እንዲሠሩ ይደረግ ነበር፤ ማሽኖቹ ከገቡ በኋላ ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። አንዲት ኪሎዋት ሳያመነጭ ለሌሎች ማመንጫዎች ቦታ የሚያመቻች ይህ ማሽን ከአዲስ ማመንጫ እኩል ሊከበር ይገባዋል።