በሰርቨር መግቢያ ላይ ስለሚጻፍ ማስጠንቀቂያ

የተማሪዎች ውጤትና የመምህራን ማኅደር በሚቀመጥበት ሰርቨር መግቢያ ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል መጻፍ የቴክኒክ ባለሙያው ድርሻ ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ባለሙያውም ከውጭ አገር የተገኘውን እንዳለ ወደ መገልበጥ ያዘነብላል።

ለአርአያነት ከሚቀርቡት አንዱ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጽሑፍ ነው። ሥርዓቱ የመንግሥት መሆኑን፣ የሚተላለፈው መልእክት ክትትል እንደሚደረግበት፣ የተከማቸው መረጃም በማናቸውም ጊዜ ሊመረመርና ሊያዝ እንደሚችል ይዘረዝራል፤ ከጠበቃ፣ ከሥነ ልቡና ሐኪምና ከካህን ጋር የሚደረገውን ምስጢራዊ ልውውጥ ደግሞ ለይቶ ያነሣል። ይህ ሁሉ በአገሩ ሕግ ልክ የተሰፋ ነው። የእኛ ሠልጣኝ መምህር ግን ከዚህ ምን ይረዳል?

በመሠረቱ የማስጠንቀቂያው ዓላማ ማስፈራራት አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ደኅንነት ማእከል፣ የአገሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ምክር ተከትሎ፣ ተጠቃሚው የሚመታውን እያንዳንዱን ፊደል የሚከታተሉ ክፍሎች ይህንኑ በመግቢያው ላይ እንዲያስታውቁ አሳስቦ ነበር፤ ሳያስታውቁ መከታተል ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላልና። እንግዲህ ዋናው ተግባር ማስታወቅ ከሆነ፣ አንባቢው ያልተረዳው ማስታወቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

በአገራችን ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ያለ ፈቃድ ሆነ ብሎ የገባውን ብቻ አይደለም፤ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሄደውንም ጭምር ነው። በትምህርት ቤት ይበልጥ የሚያሳስበው ይኸኛው ነው። የይለፍ ቃል ያለው መምህር የባልደረባውን ክፍል ውጤት ቢከፍት፣ ፈቃዱ የት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ማን ነገረው? «ያልተፈቀደለት አይግባ» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ለእርሱ አልተጻፈም፤ እርሱ ተፈቅዶለታልና።

በአማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኤስ ኤስ ኤች የተባለው የርቀት መግቢያ ሥርዓት በ2006 እ.ኤ.አ. ሲደነገግም የመግቢያው መልእክት በዩኒኮድ እንዲላክ፣ የቋንቋው ስምም አብሮ እንዲመዘገብ ተወስኗል። ስለዚህ በትግርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ይቻላል። ችግር ያለው በሰርቨሩ በራሱ ስክሪን ላይ ነው፤ በዚያ የተለመዱት የፊደል ቅርጾች የእኛን አይጨምሩም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ሲጫን መልእክቱ ባዶ ስለሆነ፣ «ባነር» በሚለው መስመር ጽሑፉ ያለበትን ፋይል ማመልከትና አገልግሎቱ ደንቡን እንደገና እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል። ይህ ከይለፍ ቃሉ በፊት ይነበባል፤ «የዕለቱ መልእክት» የሚባለው ግን ከገቡ በኋላ የሚታይ ስለሆነ ለማስጠንቀቂያነት ዘግይቷል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች «ኢሹ» በተባለው ፋይል የራሳቸውን ስምና የእትም ቁጥር ጽፈው ስለሚመጡ፣ ይህን ለማያውቁት ሰው ማስነበብ አያስፈልግምና ይሰረዝ።

ለኮሌጅ የሚከተለው ሊበቃ ይችላል፦ «ይህ ሰርቨር የኮሌጁ ነው። መምህር የሚከፍተው የራሱን ክፍል ውጤት ብቻ ነው። የገባበት ሰዓትና የከፈተው ማኅደር ይመዘገባል።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሚጻፈው ግን ምዝገባው በእርግጥ የሚካሄድ ከሆነ ብቻ ነው።