ነጩን ቀለበት ፈልጉ

በጣም ቀጫጭን የውሃ ቦዮች ባሉት ማይክሮፍሉይዲክ ቺፕ ውስጥ ያደገ ረቂቅ አልጌ ሲያዩ «ወይ አረንጓዴነቱ!» እያሉ ሠሪውን የሚያሞግሱ ገዢዎችና ተማሪዎች ያናድዱኛል። አረንጓዴነቱ የአልጌው ነው፤ የሠሪው ሙያ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ማንም ሳይደክምለት አረንጓዴ ነው። ተመራማሪው ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ፎቶሲንተሲስ በውሃ ውስጥ ምን ያህል ሊበረታ እንደሚችል ለማሳየት የመረጡት የእኛኑ የኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች ነበር። ሕይወቱ በራሱ እንዲህ ብርቱ ከሆነ፣ ከቺፕ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ሴሉ የሚኖርበትን ውሃ እኛ እንዳልነው አድርጎ መያዝ።

ቺፑ የሚሠራበት ሲሊኮን ከማጠንከሪያው ጋር 10 ለ1 መቀላቀሉን፣ በኦክስጅን ፕላዝማ ከመስታወቱ ጋር መጣበቁን፣ ቱቦው አለማንጠባጠቡን እዚህ አልዘረዝርም። ይህን ሳያይ የሚገዛ ሰው ጨርሶ ባይገዛ ይሻላል። ክላሚዶሞናስ ለሚባለው አልጌ ክብ ሴል የተቀረጸ ጠባብ ክፍል ጠመዝማዛውንና ረጅሙን ስፒሩሊና እንደማይመጥንም ዓይን ያለው ያየዋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው የመግቢያ ቀዳዳውን ነው። በዙሪያው እንደ ቀለበት የተጋገረ ነጭ ጨው ካለ ያ ሥራ ተበላሽቷል። ጨርቅ በአልኮል ነክረው ጠርገውት ፎቶ የሚያነሡ አሉ፤ እነዚህን ይቅር አልልም፤ የጠረጉት ማስረጃውን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፒዲኤምኤስ የሚባለው ግልጽ ሲሊኮን የተወደደው አየር ስለሚያሳልፍ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ ኦክስጅን ይወጣል። በዚያው ግድግዳ ግን የውሃ እንፋሎትም ይወጣል፤ ጨው አይወጣም። ሳይከደን የተጣደ ወጥ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ጨው እንደሚበዛበት፣ ቺፑም እንደዚያው ነው። ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 50፣ ጥልቀቱ 20 ማይክሮሜትር የሆነ ክፍል የሚይዘው 1 ናኖሊትር ብቻ ነው፤ 50 ማይክሮሊትር የሆነች አንዲት የውሃ ጠብታ የዚህ 50,000 እጥፍ ናት። ከእንዲህ ያለ ክፍል የሚተን ጥቂት ውሃ ሁሉን ይለውጣል።

ተመራማሪዋ ኤልሳቤጥ ከበደ ከጭቱ ሐይቅ የተገኘውን ስፒሩሊና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተለያዩ የሶዲየም ጨዎች ፈትናለች፤ ጨው ሲበዛበት እድገቱ ይቀንሳል። እንግዲህ በሚደርቅ ቺፕ ውስጥ ሴሉ ሲዳከም «ብርሃኑ በዛበት» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ የለካው ብርሃንን ሳይሆን የራሱን ጨው ነው።

እዚህ እኔ ባለሁበት በሳውዲ ዓረቢያዋ ሳብያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደጁ ወበቅ ስለሆነ ሰው «እርጥበት ሞልቷል» ብሎ ይዘናጋል። የላብራቶሪው ክፍል ውስጥ ግን ሙከይፉ (አየር ማቀዝቀዣው) ቀን ከሌት እርጥበቱን ከአየሩ እያወጣ በቱቦ ወደ ውጭ ያንጠባጥበዋል። ቺፑ የሚኖረው ክፍሉ ውስጥ እንጂ ደጅ አይደለም። የአዲስ አበባ በጋም ደረቅ ነው፤ እዚያ ግን ከንፈር ስለሚሰነጠቅ ሰው ድርቀቱን ያውቀዋል።

ጥሩ ሥራ እንዲህ ይፈተናል። ፓምፑ ይቁም፣ መግቢያውና መውጫው ይደፈን፣ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን የፕላስቲክ ሉሎች ይጨመሩ፤ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ሉሎቹ ባሉበት እየተንቀጠቀጡ ከቆዩ ደኅና ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያሉ ከተጓዙ ውሃው በግድግዳው እየወጣ በቀዳዳዎቹ የቀረውን ውሃ እየሳበ ነው። ተመራማሪዎቹ ራንዳልና ዶይል ይህን ፍሰት በ2005 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ ዛሬም «አልሰማሁም» የሚል ሠሪ አለ። «ፓምፑ ሁልጊዜ ይሠራል» የሚለውንም ማመካኛ አልቀበልም። ሴሎቹ የተያዙት ረጅም፣ ጠባብና ጫፉ ዝግ በሆነ ጓዳ ከሆነ ፍሰቱ በደጃፉ ያልፋል እንጂ እነሱ ዘንድ አይገባም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በሲሊኮኑ መካከል ፓሪሊን የሚባል እንፋሎት የሚያግድ ፕላስቲክ ስስ ሽፋን ማስገባት ይቻላል። ካልሆነም ቺፑ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር ይቀመጥ። ጥጡ የሚነከርበት ውሃ ግን አልጌው ከሚያድግበት ውሃ ጋር እኩል ጨዋማ መሆን አለበት። ለሶዳ ሐይቅ አልጌ ንጹሕ ውሃ ካስቀመጣችሁ እንፋሎቱ በተቃራኒው ወደ ቺፑ ገብቶ ያቀጥነዋል። ይህን ሳይነገረው የሚያደርግ ሠሪ ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩት።

አዲስ አበባ ሙያውን ያስተማሩኝ የላብራቶሪ ሠራተኛ ቺፕ ከመምጣቱ በፊት በብልቃጥ ነበር የሚሠሩት። እትዬ ነበር የምንላቸው። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ያሰምሩ ነበር፤ ሲጎድልም እስከ መስመሩ የሚሞሉት በተጣራ ውሃ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ በማሳደጊያው ውሃ ሲሞላ ካዩ ብልቃጡን ከእጁ ተቀብለው ይደፉታል፤ የሄደው ውሃ፣ የቀረው ጨው፣ አሁን ደግሞ ሌላ ጨው ጨመርክበት ይሉታል። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ቺፕ መጣ፤ የእሳቸው ጥያቄ ግን አልተለወጠም። ተማሪ ሥራውን ይዞ ሲመጣ «ትናንት ማታ የት አደረ?» ይሉታል። «ጠረጴዛ ላይ» ካላቸው ማይክሮስኮፑን አያበሩትም ነበር።